የመብራት ማማና ጠባቂው

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው ኡም ራኩባ ባሕርም ሐይቅም የማይታይባት የጥቁር አፈር ሜዳ ናት። በዚህ ስፍራ ለሚያድግ ተማሪ የመብራት ማማ፣ ማለትም መርከቦችን በሌሊት የሚመራ ባለመብራት ረጅም ግንብ፣ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የገዳሪፍ ገበሬ የሚያመርተው ሰሊጥ ለውጭ ገበያ ሲላክ የኖረው በፖርት ሱዳን ወደብ በኩል ነው። ከዚያ ጠረፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀይ ባሕር ውስጥ፣ ሳንጋኔብ የተባለ የኮራል አለት አለ። አለቱ ከውኃው በታች ስለሚደበቅ መርከብ ሳያየው ሊላተምበት ይችላል። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ዘመን፣ የመብራት ማማ ተተከለበት። ስለዚህ በገዳሪፍ የተዘራው ሰሊጥ ከገበያ በደኅና ይደርስ ዘንድ፣ ገበሬው አይቶት የማያውቀው ጠባቂ በባሕር መካከል መንቃት ነበረበት።

የመብራት ማማ የሚያስፈልገው ለባሕር ብቻ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ማዕበላቸው እንደ ባሕር የሚያስፈራ በመሆኑ በዳርቻቸው ብዙ ማማዎች ተሠርተዋል። ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት ጠባቂው ሲመሽ መብራቱን ያበራል፤ ሌሊት ዘይት ይጨምራል፤ የተቃጠለውን ክር ይከረክማል፤ ሲነጋም ጥላሸቱን ከመስተዋቱ ላይ ይወለውላል። በኤሪ ሐይቅ ዳር በማርብልሄድ የሚገኘው ማማ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ በ1832 ሲሞት፣ ሚስቱ ራሔል ዎልኮት ሥራውን ተረክባ መብራቱን ጠብቃለች። በሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በቢቨር ደሴት ደግሞ የኤልሳቤጥ ዊትኒ ባል እ.ኤ.አ. በ1872 የምትሰጥም መርከብ ሰዎችን ለማዳን ወጥቶ በውኃ ሰጠመ። ኤልሳቤጥ ሐዘኗን ይዛ ወደ መብራቱ ወጣች። ከዚያም በሁለት ማማዎች በድምሩ 41 ዓመት አገለገለች።

አንዳንድ ሰዎች «ዛሬ መብራቱን መሣሪያ ያበራዋል፤ የጠባቂውን ታሪክ ማንሣት ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። የማርብልሄዱ ማማ እ.ኤ.አ. በ1958 በራሱ የሚሠራ መሆኑ እውነት ነው። መሣሪያ እንቅልፍ እንደማይጥለውም አይካድም። ሆኖም መሣሪያውን የሚፈትሽና የሚጠግን ሰው ዛሬም ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን የጠባቂው ታሪክ ስለ ሥራ ክብር የሚያስተምረው ነገር አለ። የመርከቡ አዛዥ ወደብ ሲደርስ በምስጋና ይቀበሉታል፤ የጠባቂው ሥራ ግን የሚታሰበው መብራቱ በጠፋበት ሌሊት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በኡም ራኩባም አለ። ስፍራዋ በ1980ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በድርቅና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን አስጠግታለች፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣም መጠለያዋ እንደገና ተከፍቷል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ውኃ የሚያድል፣ በሽተኛ አጠገብ የሚያነጋ፣ በዳስ ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው የመብራት ማማ ጠባቂ ወንድም ነው። ውኃው አንድ ቀን ሲቋረጥ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ ሳይቋረጥ በሚወርድባቸው ቀናት ሁሉ ግን አዳዩን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው።

ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል። ተማሪ የታላላቅ ሰዎችን ገድል ሲያጠና፣ የእነዚህንም ሰዎች ድካም ማወቅና ማክበር አለበት። «ይህ ሥራ ለእኔ ያንሰኛል» ብሎ ከመናቁ በፊትም፣ ሥራው ባይሠራ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ምስጋናም መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቅ መሆን የለበትም።