የታሰረው ጉሮሮ

በአገራችን የፖለቲካ ጽሑፍ «ድምፅ» ሲባል ወዲያው የሚታወሰን የምርጫ ኮሮጆ ነው። ዛሬ የማነሣው ከኮሮጆው የሚቀድመውን፣ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ነው። እርሱም ቢሆን የበጀትና የፍትሕ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

ካንሰር የጠናበት ማንቁርት አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ይህን ቀዶ ሕክምና ለካንሰር ሲል በመጀመሪያ ያከናወነው ቴዎዶር ቢልሮት ነው፤ ቪየና፣ እ.ኤ.አ. በ1873። ከዚያ በኋላ ታማሚው የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ስለሆነ የሳንባው አየር ወደ አፉ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲንገርና ብሎም የተባሉ አሜሪካውያን በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የምትገባ፣ አየርን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ የሲሊከን ቫልቭ አስተዋወቁ። ታማሚው የአንገቱን ቀዳዳ በጣቱ ሲደፍን አየሩ በቫልቭዋ ወደ ጉሮሮው ያልፋል፤ የጉሮሮው ግድግዳ ይርገበገባል፤ ሰውዬውም ይናገራል።

ሁሉም ግን አይናገርም። በአንዳንዱ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የቀረው ጡንቻ አየሩ ሲመጣ እንደ ጡጫ ይጨበጣል። ድምፁ ይታነቃል ወይም ጭራሽ አይወጣም፤ አየሩ ወደ ጨጓራ ወርዶ ሆድ ይነፋል፤ ምግብም አልወርድ የሚለው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ገና አልለመድህም» ብሎ መመለስ በደል ነው፤ የተኮማተረ ጡንቻ በልምምድ ብዛት አይፈታምና።

መለያው ቀላል ነው። ለጡንቻው ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች በሊዶኬይን ሲደነዝዙ ድምፁ በደቂቃዎች ውስጥ ከተፈታ ጥፋተኛው ጡንቻው ነው። ከዚያ የሚሰጠው የቦቱሊነም መርፌ ነው፤ የከተማው ሰው ቦቶክስ እያለ የፊት መጨማደድ ማጥፊያ አድርጎ የሚያውቀው። ጡንቻውን በቀናት ውስጥ ያላላዋል፣ ውጤቱ ለወራት ይቆያል፣ ለአንዳንዱም አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የመዋጥ ችግር ግን ከጠባሳ ጥበት ወይም ከካንሰሩ መመለስ ሊመጣ ይችላል፤ ለእነዚህ መርፌው መድኃኒት አይደለም። አስቀድሞ ባሪየም አስውጦ በራጅ ማየት ግድ ነው።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ይዘን መሐል ሜዳ እንውጣ። መንዝ ሰው በአንደበቱ ርስቱን ሲያስከብር የኖረበት አገር ነው፤ ዛሬም ሽምግልናው፣ ገበያው፣ ከማዶ ማዶ መጣራቱ በድምፅ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ድምፁ ቢዘጋ ጽፎ እንኳ አያስረዳም። የደጋው ደረቅ ብርድ አፍንጫ ሳያሞቀው በአንገቱ ቀዳዳ በቀጥታ ሳንባው ይገባል። ቫልቭዋ በየጥቂት ወሩ ትለወጣለች። መርፌውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት (የመንዝ ውርጭ ፍሪጅን ቢተካ ኖሮ የሚቀድመን አልነበረም!)። ለእያንዳንዱ ምልልስ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ሊኖርበት ነው። በግ ሸጦ ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ሌላ መንገድ አለ። እነዚያው ሲንገርና ብሎም እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት ጡንቻው በቀዶ ሕክምና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህም ማንቁርቱ በሚወጣበት ሰዓት፣ በዚያው ሰመመን ሊሠራ ይችላል። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት አይጠይቅም። በሠለጠነው ዓለም ያሉ ሐኪሞች ግማሾቹ «ሁሉንም አስቀድሞ መሰንጠቅ ለምን? ጡንቻው ያስቸገረውን ብቻ በኋላ በመርፌ እናክማለን» ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ታማሚው በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣበት አገር ክርክር ነው። በበኩሌ፣ ታማሚው ዳግመኛ ላይመለስ በሚችልበት አገር ሚዛኑ ወደ መሰንጠቁ ያጋድላል እላለሁ።

«የጨረር ሕክምና ወረፋ አላልቅ ባለበት አገር ስለ ድምፅ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። መዋጥ አቅቶት የሚከሳን ሰው ግን በዳኑት ዝርዝር ውስጥ ብቻ ጽፎ ማለፍ የሒሳብ ማጭበርበር ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር የገጠሩን ሰው ከድንገተኛ ወጪ ለመታደግ ነበር። መርፌውና ቫልቭዋ በሽፋኑ ውስጥ በስማቸው ይስፈሩ፤ መርፌው ደብረ ብርሃን ላይ የሚሰጥበት መንገድ ይፈለግ። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም ማንቁርቱ የወጣለትን ሰው ሲያሰናብቱ በወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ ይናገራል? ይውጣል?