በሲኒማ ቤት ስፍራ ያጣው የቤተ ሰብ አባል



ቤተ ሰብ ማለት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ቍጥር ብቻ አይደለም፤ ደስታንና ኀዘንን በአንድነት የሚካፈል ማኅበር ነው። ኀዘን በመጣ ጊዜ በቤታችን ያለው ዓይነ ስውርም፥ መስማት የተሳነውም፥ በምርኩዝ የሚሄደውም ከእኛ ጋራ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ከለቅሶ የሚያስቀረው የለም። ወደ ደስታው ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለሠርግ በተጠራን ጊዜ ቤት ጠባቂ ሆኖ እንዲቀር ይነገረዋል፤ ፊልም ለማየት በተነሣን ጊዜ ደግሞ ስሙ እንኳ ሳይነሣ እንወጣለን። ምክንያቱን ቢጠይቁን «ሲኒማ ለእርሱ ምን ያደርግለታል?» የሚል መልስ እንሰጣለን። ይህ መልስ እውነት መሆን አለመሆኑን ዛሬ እንመርምር።

ምሳሌውን ከጎንደር እንውሰድ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት በሠሩበት በቁስቋም ኮረብታ የግቢው ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። በዚያ ዘመን ልማድ ግብር በሚበላበት አዳራሽ እንግዳ በደጅ አይተውም ነበር፤ አጋፋሪው ተቀብሎ እስከ መቀመጫው ያደርሰው ነበር። ዛሬ ከዚሁ ከቁስቋም ሰፈር አንድ ቤተ ሰብ ፊልም ለማየት ወደ ፒያሳ ሊወርድ አሰበ እንበል። ከልጆቹ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፥ አያቲቱም ብርሃናቸውን ያጡ ቢሆኑ፥ በአዳራሹ ደጅ እንደዚያ እንደ ጥንቱ አጋፋሪ የሚቀበላቸው ማን ነው? የሚቀበላቸው ደረጃ ብቻ እንደ ሆነ፥ አባት ሁለቱን በቤት ትቶ መውረዱን ይመርጣል። እንግዲህ ልጁንና አያቱን ያስቀራቸው የእግሩና የዓይናቸው ጕዳት ሳይሆን የአዳራሹ አሠራር ነው ማለት ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበለውም። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። በጎንደርም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ በፒያሳ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ ሲኒማ ቤት ነበረ። እያደር ፍርሃቱ ጠፍቶ ፊልም የቤተ ሰብ መዝናኛ ሆነ። እንዲያውም ጎንደር በ1938 ዓ.ም. የተወለዱትን ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ለዓለም ፊልም አበረከተች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ያወጡት «ጤዛ» የተባለው ፊልም በቬኒስ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በሚቀጥለውም ዓመት በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። የዚህ ፊልም ባለ ታሪክ አንበርብር በጀርመን አገር በዘረኞች እጅ ተደብድቦ፥ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሐኪም ነው። ተመልካቹ ሁሉ ስለ አንበርብር አዝኖ ሲያለቅስ፥ እንደ አንበርብር ያለው ሰው ግን ደረጃውን መውጣት አቅቶት ከደጅ ቢመለስ ልቅሶአችን ምን ዋጋ አለው?

ደግሞም ሲኒማ ሲፈጠር ለሁሉም ዝግ እንዳልነበረ ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ፊልማቸውን ለሕዝብ ካሳዩ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ፊልም የራሱ ንግግር አልነበረውም፤ የሚባለው ነገር በሥዕሎቹ መካከል በጽሑፍ ይቀርብ ስለ ነበረ፥ ማንበብ የሚችል ሁሉ፥ ቢሰማም ባይሰማም፥ እኩል ይረዳው ነበር። በ1927 ተናጋሪው ፊልም በመጣ ጊዜ ጽሑፉ ቀረ። ዓለሙ በአዲሱ ጥበብ ሲደሰት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን ቀድሞ የነበራቸውን አጡ። በ1947 ኤመርሰን ሮሜሮ የሚባል በአሜሪካ ይኖር የነበረ ሰው፥ ራሱ መስማት የተሳነውና በቀድሞው ዘመን የፊልም ተዋናይ የነበረ፥ ጽሑፉን እንደ ገና በፊልሞች መካከል እያስገባ ለባልንጀሮቹ ማሳየት ጀመረ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጽሑፉ በቀረ ጊዜ ሰዎቹ ከአዳራሹ ወጡ፤ በተመለሰ ጊዜ ተመለሱ፤ ጆሮአቸው ግን ያው ነበረ። በአገራችን የሚሠሩ አንዳንድ ፊልሞች ለባዕድ ሰው ታስቦ በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይደረግላቸዋል። ለባዕድ የተደረገውን ያህል አማርኛ ለሚያነበውና መስማት ለተሳነው ለገዛ ወንድማችን ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም።

«ዓይነ ስውሩስ ምን ያያል?» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ለዚህ መልሱ ከእኛው ዘንድ አለ። በአብያተ ክርስቲያናት የቅኔና የዜማ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ትምህርቱን በጆሮአቸው ተቀብለው በልባቸው አጽንተው እስከ መምህርነት ደርሰዋል። የሚነግራቸው ካለ የሚያመልጣቸው የለም። በፊልምም እንዲሁ ነው፤ የሚነገረውን ይሰማሉ፤ የጎደላቸው «አሁን በሩን ከፍቶ ገባ፤ ደብዳቤውን ቀደደው» ብሎ ዝምታውን የሚሞላላቸው ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 በዋሽንግተን ከተማ አሬና ስቴጅ በሚባለው ቴአትር ቤት ይህን የሚያደርግ ተራኪ ተመድቦ፥ ዓይነ ስውራኑ በጆሮ ማድመጫ ይሰሙት ጀመር፤ ልማዱም ወደ ፊልም ተላለፈ። በእኛም አገር የውጭ ፊልም እየተከታተሉ በአማርኛ የሚተርኩ ሰዎች በቪዲዮ ቤቶች ዘንድ ታውቀዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆን አንደበት ስለዚህ አልጠፋም።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ስምምነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 አጽድቋል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 ተቀብላዋለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች ፊልምን፥ ቴአትርንና ሌላውንም የባህል ሥራ ለእነርሱ በሚመች መልክ እንዲያገኙ፥ ወደ ሲኒማ ቤትም መግባት እንዲችሉ ያዛል። አስቀድሞም በ2001 ዓ.ም. የታወጀው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ መውጣት ለማይችሉት የሚመች መግቢያ፥ እንዲሁም የሚመች መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው ደንግጓል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ፕላን የሚመረምሩ፥ ፈቃድ የሚሰጡ ወይም የአሮጌ ሕንፃ እድሳት የሚቈጣጠሩ ሹማምንት ናቸው። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት መቅረቱና በደጅ መታየቱ በእነርሱ ፊርማ ላይ ነው።

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። በደረጃው አጠገብ ተዳፋት መወጣጫ ይሠራል፤ ልኩም አንድ ክንድ ከፍ ለማለት ዐሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው፤ ከዚያ ያጠረ እንደ ሆነ ወንበሩን ለሚገፋው ድካም፥ ለሚቀመጥበትም አደጋ ይሆናል። በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ ወንበሩን ያሳልፍ። በአዳራሹ ውስጥ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚተወው ቦታ በቤተ ሰቡ መካከል ይሁን እንጂ ብቻውን በጥግ አይሁን፤ ልጁ ከወንድሞቹ ተለይቶ ከተቀመጠ አብሮ መጣ ማለት አይቻልም። የመተላለፊያው ጠርዝ በጨለማ እንዲታይ በደማቅ ቀለም ይቀባ። ጩኸትና ድንገተኛ ጨለማ ለሚያስጨንቃቸው ልጆች ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ፥ መብራቱም ፈጽሞ ሳይጠፋ ፊልም ቢታይ መልካም ነው።

ከግንቡ ይልቅ ግን የሰው ጠባይ ይበልጣል። ትኬት የሚቈርጠው ሰው ዓይነ ስውሩን ትቶ አብሮት የመጣውን «እርሱ የት ይቀመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መወጣጫው ምንም ያህል ቢያምር እንግዳው ተዋርዷል። ራሱን «የት መቀመጥ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሊመራው የሚሻም ሰው ክርኑን ያቀርብለት እንጂ እጁን ይዞ አይጐትተው። በተሽከርካሪ ወንበር ያለውንም ሳይፈቅድ ወንበሩን መግፋት አይገባም፤ ወንበሩ እንደ እግሩ ነውና። መስማት ከተሳነው ጋራ የሚነጋገር ሰው ፊቱን ወደ እርሱ መልሶ በቀስታ ይናገር፤ ለአስተናጋጆችም ጥቂት የምልክት ቋንቋ ቃላት ማስተማር የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት «አካል ጉዳተኞች አይመጡምና ለማን ልሥራ?» ይላል፤ አባትም «መግቢያ የለምና እንዴት ልውሰደው?» ይላል። ሁለቱ እንዲህ እየተጠባበቁ ልጁ በቤት ውስጥ ያረጃል። ይህን ክርክር መጀመሪያ ሊያቋርጥ የሚገባው ቤተ ሰቡ ነው። በሚመጣው እሑድ ወደ ሲኒማ ለመሄድ ያሰብን እንደ ሆነ፥ በቤት የሚቀረውን ሰው አስቀድመን «ምን ፊልም ማየት ትወዳለህ?» ብለን እንጠይቀው፤ ከዚያም ይዘነው እንሂድ። በደጁ ደረጃ ቢገጥመን ባለቤቱን ጠርተን መወጣጫው መቼ እንደሚሠራ በትሕትና እንጠይቅ። አንድ ቤተ ሰብ ቢጠይቅ ሊዘነጋ ይችላል፤ ሃያ ቤተ ሰብ በየሳምንቱ በደጁ ቆሞ ቢጠይቅ ግን መወጣጫው መሠራቱ አይቀርም።