የፍሬዛል ቨርብ ሽምደዳ ይብቃን!

ቴሌግራም ላይ «500 ፍሬዛል ቨርብ ከነትርጉሙ» እያላችሁ ፒዲኤፍ የምትሸጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ልጆቹን ተዉልን!

ተማሪው «ሉክ አፍተር ማለት መንከባከብ» ብሎ ይሸመድዳል። ፈተና ላይ «ሉክ ፎር» ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። ዓረፍተ ነገር ውስጥ አላየውማ!

እስቲ አማርኛችንን እዩት። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» አንድ ናቸው እንዴ? ግሡ ያው ነው፤ «ለ» ታስፈታለች፣ «በ» ወህኒ ታስገባለች። ይሄንን ከዝርዝር ያጠና ሰው አለ? ሲነገር ሰምተን ነው የለመድነው።

ደግሞ ዝርዝሩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር ኢት» ላይ ግን «ኢት» መሃል አትገባም፣ መጨረሻ ነው ቦታዋ። ትርጉም ብቻ የሸመደደ ልጅ ይሄን ከየት ያመጣዋል?

«ዲስከስ አባውት» የምትሉም (መምህራንም አላችሁበት 😀) የአማርኛዋን «ስለ» ተሸክማችሁ ነው የሄዳችሁት። ዲስከስ አባውት አይፈልግም። «ሜሪ ዊዝ»ም ያው «ከእሷ ጋር ተጋባ» ናት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ታናሽ ወንድም ወይ እህት ካላችሁ ፒዲኤፉን ቀሙና አጭር ልብ ወለድ ስጧቸው። ያገኙትን ግሥ ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ ይገልብጡት፤ በቀን ሦስት ይበቃል። ሻጮቹ መልስ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አለሁ።