«ሕጋዊ ነው» አሉን

ክርክር ለመዝጋት የተፈጠሩ አባባሎች አሉን። «የእግዜር ሥራ ነው» አንዱ ነው። «ከላይ የመጣ መመሪያ ነው» ሌላው ነው። ገንዘብ ያላቸው ሰዎችና የሒሳብ አዋቂዎቻቸው ደግሞ ሦስተኛውን ጨምረውልናል፤ «ሕጋዊ ነው»። ባለሀብቱ የሚከፍለው ግብር በመቶኛ ሲሰላ ከጸሐፊው ያነሰው ስለምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ «ሕጋዊ ነው» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ጠያቂው አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ያማስላል።

እኔ ደግሞ ጨዋታውን ከዚያ መጀመር ነው የምፈልገው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያሳትመውን፣ ሁለት ዓይነት መዝገብ የሚይዘውን፣ ያለ ደረሰኝ ሸጦ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚለውን አይደለም የማወራው። እሱ ሌባ ነው፤ ሕግ ይፈልገዋል፤ አንዳንዴም ያገኘዋል። የማወራው ስለ ጨዋው ሰው ነው፤ ከረቫቱን አስሮ፣ ጠበቃና ኦዲተር ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ አንድም አንቀጽ ሳይጥስ ግብሩን ወደ ምንምነት ስለሚያወርደው። ይህ ሰው በየሠርጉ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። እኔን ከሌባው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሌባው ቢያንስ ሲሰርቅ ግራ ቀኙን ይገላምጣል።

እስቲ በቅድሚያ መሸሽ የማይችለውን ሰው እንይ። ለሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግብር ከፍዬ አላውቅም፤ ተቆርጦብኝ ነው እንጂ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። መክፈል እጅን ወደ ኪስ መስደድን ይጠይቃል፤ የደመወዝተኛ ገንዘብ ግን ኪሱ ሳይደርስ ነው የሚቀነሰው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በወር 20,000 ብር የሚከፈለው መምህር 4,950 ብር ይቆረጥበታል። ከ14,000 ብር በላይ ካለችው ከእያንዳንዷ ብር 35 ሳንቲሟ የእሱ አይደለችም። ከተረፈችው ላይ ደግሞ ሳሙናም ይግዛ ጫማ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል።

ያውም ይኼ የተሻሻለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ2008 ዓ.ም. አዋጅ የ35 በመቶውን ጣሪያ ያስቀመጠው ከ10,900 ብር በላይ በሚያገኘው ሰው ላይ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ያ ገንዘብ በባንክ ምንዛሪ 500 ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በ2017 አጋማሽ ያው 10,900 ብር መቶ ዶላርም አይሞላ ጀመር። ደህና ለሚያገኝ ሰው ተብሎ የተተለመው 35 በመቶ የመለስተኛ ባለሙያ ግብር ሆኖ ቁጭ አለ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አልወጣም፤ ምክር ቤት አልመከረበትም። ብሩ ሲረክስ የግብሩ መሰላል በዝምታ ወደ ታች ወረደ። ዘጠኝ ዓመት! በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ደመወዝተኛው ምን ዓይነት «የታክስ ዕቅድ» ነበረው? ሥጋ መተው፤ ልጁን ከግል ትምህርት ቤት ማስወጣት።

አሁን ወደ ጨዋው ሰው እንምጣ። ስም አልሰጠውም፤ ከብዙ ሰዎች የተቀዳ ነው። ከድርጅቱ ለራሱ የቆረጠው ደመወዝ ከጸሐፊው ብዙም አይበልጥም። መኪናው የድርጅቱ ነው፤ ነዳጁም፣ ስልኩም እንደዚያው። ዱባይ ሲሄድ ለሥራ ነው፤ ባለቤቱም አብራ ከሄደች የቦርድ አባል ናትና ለሥራ ነው። ማሽኖቹን በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ያለ ቀረጥ አስገብቷል፤ ለተወሰኑ ዓመታትም የትርፍ ግብር እፎይታ አግኝቷል። የእፎይታው ዘመን ሊያልቅ ሲል ታናሽ ወንድሙ ለተመሳሳይ ሥራ አዲስ ፈቃድ ያወጣል። ያው ሥራ፣ ያው ደንበኛ፣ ሌላ ማኅተም። ወረቀቱን ብታገላብጡት አንድ ስሕተት አታገኙበትም።

ዋናው ብልሃት ግን ሕንፃው ነው። ቦሌ ላይ የቆመው ሕንፃ በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው ሕንፃው እስካልተሸጠ ድረስ በሕግ ዓይን ገቢ አይደለም፤ ስለዚህ አይሸጥም። ገንዘብ ሲያስፈልግ ሕንፃውን አስይዞ መበደር ነው። ብድር ደግሞ ገቢ አይደለም። ለሥራ የተበደሩት ከሆነ ወለዱ በወጪ ይያዛል። የኪራዩን ግብር ይከፍላል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይከፍላል፤ ወለዱና የእርጅና ቅናሹ ከተነሳለት በኋላ። ገበያ ላይ በየዓመቱ እየጎረመሰ የሚሄደው ሕንፃ መዝገብ ላይ በየዓመቱ ያረጃል! ባለቤቱ ሲሞት ለልጆቹ ያልፋል፤ ውርስም የሚገበርበት ገቢ አይደለም። ተሠራ፣ ተበደሩበት፣ ወረሱት። በመካከል ግብር የት ጋ ገባ? ቸግሮት ቢሸጠው እንኳ የ2008ቱ አዋጅ በሕንፃ ሽያጭ ጥቅም ላይ የጣለው 15 በመቶ ነው። ለመምህሩ ላብ 35፣ ለባለሕንፃው እንቅልፍ 15።

በእኛ አገር የግብር ከፋይ መዝገብ ምስጢር ነው። በአሜሪካም ምስጢር ነው፤ እዚያ ግን አንድ ጊዜ ሾልኮ ስለወጣ የብልሃቱን ልክ በቁጥር ለማየት ወደዚያ መሻገር ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፕሮፐብሊካ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም የአገሪቱን 25 ቀንደኛ ቱጃሮች ግብር ይፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 የሰዎቹ ሀብት በ401 ቢሊዮን ዶላር ሲያድግ የከፈሉት የፌዴራል የገቢ ግብር 13.6 ቢሊዮን ነበር፤ ከዕድገቱ 3.4 በመቶ መሆኑ ነው። የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 አንድም ሳንቲም የገቢ ግብር አልከፈለም። በ2011 እንዲያውም ኪሳራ አሳይቶ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚሰጠውን የ4,000 ዶላር የግብር ቅናሽ ጠይቆ ወስዷል። በዚያው አገር ዋሽንግተን ውስጥ መኪና የሚያቆመው፣ ሆስፒታል ሌሊት የምታድረው የእኛው ዘመድ፣ ከየቼኩ ላይ ግብሩ ተቆርጦ ነው የተረፈችውን ለእናቱ የሚልከው።

ያን ጊዜ «የሀብት ዕድገት ገቢ አይደለም፤ ስሌታችሁ የተሳሳተ ነው» ብለው የጮኹ ነበሩ። ገቢ አይደለም ማለታቸው በሕጉ መሠረት ልክ ነው። የእኔም አቤቱታ እኮ እሱው ነው! ሠርተህ ያገኘኸው ገቢ ይባላል፤ ተቀምጠህ ያደገልህ ገቢ አይባልም። ይህን ትርጉም ከሰማይ ያወረደው የለም፤ ሰው ነው የጻፈው። በነገራችን ላይ በዚህ ሁሉ ታሪክ እስር ቤት የገባ አንድ ሰው አለ። ሰነዱን ያሾለከው የግብር መሥሪያ ቤቱ የኮንትራት ሠራተኛ ቻርልስ ሊትልጆን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አምስት ዓመት ተፈረደበት። ይኼም ሕጋዊ ነው።

የቆየ ሙያዬ ሆኖ ነገሩን ሳስበው የሚመጣብኝ ቅኔ ነው። በቅኔ ሰሙ ለተራው ሰሚ ነው፤ ወርቁ መፍታት ለሚችል። ሕጋችንም እንደዚያ ሆኗል። መምህሩና ነርሷ ሰሙን ሰምተው ይከፍላሉ፤ ባለሀብቱ ፈቺ ይቀጥራል። ልዩነቱ የዚህኛው ቅኔ ወርቁ እውነተኛ ወርቅ መሆኑ ላይ ነው። ቅኔ ፈቺው በጥበቡ ማንንም አይጎዳም። የግብር ፈቺው ግን ከአንዱ ትከሻ ያወረደውን ሸክም መሬት አያስቀምጠውም። በጀቱ ያው በጀት ነው፤ የጎደለው ወይ በሌላው ግብር፣ ወይ በብድር፣ ወይ በዋጋ ንረት ይሞላል። ሦስቱም የሚያርፉት መሸሻ በሌለው ላይ ነው።

«ሕጋዊ ነው» ለሚሉን ታሪክም እናንሳላቸው። እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ርስተ ጉልት ሕጋዊ ነበር። ባለጉልቱ የመሬቱን ግብር ከገባሩ ይሰበስባል፤ ከሰበሰበው ውስጥ ለመንግሥት ካዝና የሚደርሰው ከፊሉ ነበር፤ የተረፈው የራሱ ነው። ማንም ሰረቀ አልተባለም፤ ሥርዓቱ የፈቀደለት ነውና። በዚያው በ1958 ዓ.ም. ነው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው። ባላገሮቹ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር በሚጠይቃቸው ግብር የተጣሉበትን ክፍል ከስንት ዓመት ተማሪዎች ጋር አንብቤዋለሁ። ወግና ልማድ ከፊታውራሪው ጎን ነበሩ። ከእነዚያ ሁሉ ተማሪዎች አንድም እንኳ ለፊታውራሪው ጥብቅና የቆመ አላጋጠመኝም። ዛሬ ከእነሱ አንዳንዶቹ ጥሩ የታክስ አማካሪዎች ሆነዋል ይባላል። ቋንቋውን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም እንግዲህ። ግብርና ግብረ ገብ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው።

ወደ ጠንካራው መከራከሪያ ልምጣ፤ ሸሽቼዋለሁ እንዳልባል። «ለማን ልክፈል? ለሚበላው ነው?» ይሉናል። ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መንገዱ ተሠርቶ በሁለተኛው ክረምት ሲቆፈር፣ ጤና ጣቢያው ጓንት ሲያጣ፣ የሹሙ መኪና ግን በየጊዜው ሲቀየር ማን ደስ ብሎት ይከፍላል? እኔም አልከፍልም ነበር፤ ምርጫ ቢሰጠኝ። ነጥቡ እዚህ ጋ ነው። ምርጫው የተሰጠው ለአንደኛው ብቻ ነው። ባለሀብቱ በሙስና ተማርሮ ግብሩን ሲያስቀር ቅሬታውን ሳይከፍል በመቅረት ይገልጻል፤ መምህሩ ግን ያንኑ ሙስና በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይደጉመዋል። ከሌባ ጋር የተጣሉት ሁለት ጎረቤታሞች ከሆኑ፣ አንዱ ድርሻውን አውጥቶ የሌላውን በር ክፍት ትቶ መሄዱን ተቃውሞ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ደግሞ ሌላም አለ። በዚህች አገር ቢናገር የሚሰማ ማን ነው? ሚኒስትር ቢሮ ደውሎ የሚነሳለት ማን ነው? ያው የሸሸው ሰው ነው። 4,950 ብሩ የት እንደገባ የመምህሩ ጩኸት ከሠራተኞች ክበብ አያልፍም። ባለሀብቱ እንደ አቅሙ ቢከፍል ኖሮ እሱም ገንዘቤ የት ገባ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ሹሙም ትንሽ ይደነግጥ ነበር። አሁን ግን ልጁ ውጭ ይማራል፤ ሲያመው ባንኮክ ይሄዳል፤ ውኃውን ከራሱ ጉድጓድ ያወጣል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ለአገልግሎቱ አይከፍልም፤ አገልግሎቱም አያስፈልገውም። ታዲያ ስለ ምን ይጮኻል?

«በጎ አድራጎት እሠራለሁ» የሚለው አለ ደግሞ። ይሠራል፤ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያሳንፃል፣ መስጊድ ያሠራል፣ ለረመዳንና ለፋሲካ ዘይትና ዱቄት ያከፋፍላል፣ ካሜራም አይጠፋም። እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚባለው። ግን የሚሰጠውም፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠውም፣ የሚመሰገነውም እሱ ነው። በግብር የተሠራ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረ ልጅ ለማንም እጅ ነስቶ አይወጣም፤ መብቱ ነውና። ግብሩን አስቀርቶ ከዚያ ላይ ጥቂቱን የሚመጸውት ሰው ሌላው በመብቱ ሊያገኘው የሚገባውን ነገር ውለታ አድርጎ እየመለሰለት ነው። ጋሼ እገሌ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እንላለን። ጋሼ እገሌ በሌሎቻችን ልክ ቢከፍሉ ኖሮ ምን እናገኝ እንደነበር አንጠይቅም።

«እንግዲያው ሕጉን አሻሽሉት፣ እኔን ምን አድርጉ ትላላችሁ?» ይላል ጨዋው ሰው። ጥሩ። የግብር ሕግ ሲረቀቅ የምክክር መድረክ ይጠራል። ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ነጋዴው፣ የነጋዴው ማኅበር፣ የነጋዴው አማካሪ። ነርሷ ተረኛ ናት፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ ነው። ቀዳዳው በድንገት የተተወ ይመስላችኋል? በጽሑፍ አስተያየት ተለምኖ፣ «ኢንቨስትመንት ይሸሻል» ተብሎ ተፈርቶ የተተወም አለበት። ደግሞ ሕጉ ፈጽሞ ዝም አላለም። የ2008ቱ አዋጅ ራሱ ዋና ዓላማው ከግብር መሸሽ የሆነን ዘዴ ባለሥልጣኑ ከምንም ሳይቆጥር ግብሩን ሊወስን እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ያወጣው ያ አዲስ ፈቃድ «ሕጋዊ ነው» ሲባል ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «እስካሁን የጠየቀን የለም» ማለት ነው። ጠያቂው ኦዲተር በበኩሉ 35 በመቶ ተቆርጦበት ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው መሆኑንም አንርሳ።

የገቢዎች ሚኒስቴር ላለፉት ዓመታት ታማኝ ግብር ከፋዮችን ፕላቲኒየም፣ ወርቅና ብር እያለ ሲሸልም አይተናል። አንድም ወር ሳያሳልፍ፣ አንድም ቅሬታ ሳያስገባ የከፈለ የአንደኛ ደረጃ መምህር እዚያ መድረክ ላይ ተጠርቶ አላየሁም፤ ይሁን። ሽልማቱ ይቀጥል፣ አልቃወምም። የመድረክ መሪው ግን የእያንዳንዱን ተሸላሚ ስም ሲጠራ ሁለት ቁጥር ያንብብልን፤ የከፈለውን፣ ከዚያም በእፎይታ፣ በቀረጥ ነፃና በልዩ ልዩ ቅናሽ ያልከፈለውን። ሁለተኛው ቁጥር ሲነበብ ማን እንደሚያጨበጭብ ለማየት እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።