ኳሱ አልገባ ሲል

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ከትምህርትና ከቢሮ መልስ ወጣቶች ከሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ ፑል ቤት ነው። በዚያ የሚጨበጨብለት ኳስ የከተተ ነው፤ ነጩን ኳስ ሸሽጎ ባላጋራውን ያስጨነቀ ግን «ፈሪ» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም።

በአሜሪካ አገር የታወቀ አንድ ዓይነት የፑል ጨዋታ አለ፤ ስሙም «አንድ ቀዳዳ» እንደማለት ነው። ጠረጴዛው 6 ቀዳዳ ቢኖረውም፣ ኳሶቹ ከተደረደሩበት ወገን ካሉት ሁለት የማዕዘን ቀዳዳዎች አንዱ የአንደኛው፣ ሌላው የሁለተኛው ተጫዋች ይሆናል። ከ15ቱ ኳሶች አስቀድሞ 8 በገዛ ቀዳዳው የከተተ ያሸንፋል። ቀለምና ቁጥር አይመረጥም፤ አዲስ ዕቃም አያስፈልገውም። በዚህ ጨዋታ ከመክተት ይልቅ መከልከል ይበዛል።

ታዲያ የሚከተት ኳስ ሲጠፋ የትኛው ምት ይመረጥ? በቅድሚያ ነጩ ኳስ የት እንደሚቆም ማሰብ ይገባል። ከጠርዙ ጋር ከተጣበቀ ባላጋራ መሐሉን መምታት ያቅተዋል፤ ከሌላ ኳስ ጀርባ ከተሸሸገ ደግሞ ቀጥተኛ መንገድ ያጣል። ቀጥሎ በባላጋራ ቀዳዳ ፊት የተጋለጠ ኳስ ካለ እርሱን ማራቅ ነው። በመጨረሻም ምቱ ለራስ ምን እንደሚያተርፍ መመርመር ያስፈልጋል፤ አንድ ኳስ ወደ ራስ ቀዳዳ ቢጠጋ ባላጋራ ተራውን እርሱን በማራቅ ይጨርሳልና። ሁለት ምቶች እኩል መስለው ከታዩ፣ ጥቂት ቢሳት ጉዳቱ የሚያንሰው ይመረጥ። ጠረጴዛው ያዘነበለ እንደሆነ ቀስ ብሎ ሩቅ የሚንከባለል ኳስ መንገዱን ይስታል፤ ስለዚህ አጭሩ ይሻላል።

አንዳንድ ጊዜም አውቆ መቀጣት ይጠቅማል። ሁለቱም 5፣ 5 ከትተዋል እንበል። በባላጋራ ቀዳዳ ፊት 3 ኳሶች ተጋልጠዋል፤ ሦስቱን ከከተተ ጨዋታው አለቀ። ነጩን ኳስ ቀስ አድርጎ ከሌላ ኳስ ጀርባ ማስጠጋት፣ ማንኛውም ኳስ ጠርዝ ካልነካ፣ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱም አንድ ኳስ ስለሆነ 5ቱ 4 ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታው አላለቀም። ይሁን እንጂ በተከታታይ 3 ጊዜ ያጠፋ ይሸነፋልና ይህ መድኃኒት በልክ ይወሰድ።

የአገራችን ሰንጠረዥም ይህን ያውቃል። ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እዚያም ቢሆን የባላጋራውን አሰላለፍ ሳያይ እጁን ብቻ የሚያፈጥን ሰው አይጠቀምም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ጨዋታ ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጠረጴዛውን ሒሳብ የሚከፍለው ተሸናፊው ነው፤ ውርርድ ሲጨመርበት ደግሞ የወሩ ደመወዝ ከቤት ኪራይ በፊት ይጎድላል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ወጣት የከሰረውን በአንድ ምት ለማስመለስ ሲል የማይገባውን ኳስ በኃይል ይመታል፤ ኳሶቹም ተበትነው ለባላጋራው ይመቻቻሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ኳሱ አልገባ ሲል ነጩን ይሸሽጉ። ገንዘቡ አልመለስ ሲል ግን ዘንጉን ከግድግዳው አስደግፈው ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ «ፈሪ» ቢሉዎትም የኪራዩ ገንዘብ በኪስዎ ይቀራል።