ሐይቅ ተቀምጦ ባሕር መከራየት

እናንተዬ፣ እስኪ ስልካችሁን አውጡና የመጨረሻውን የልጅ ልደት ፎቶ ክፈቱ። የእህታችሁ ልጅ ይሁን የጎረቤት፣ ችግር የለም። አሁን ልጁን ለጊዜው ተዉትና ከጀርባው ያለውን እዩ። ምን አለ? እኛው እንንገራችሁ፤ ወይ ዘንባባና ሰማያዊ ባሕር፣ ወይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ወይ በፈረንጅ አፍ «መልካም ልደት» የሚል የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ። ልጁ የሚያድግበትን ቤት ግን አታገኙትም።

ሐይቅ ከተማ አንድ ልደት ላይ ይህንኑ አየን። ክፍሏ ሦስት በአራት ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ቡፌ፣ ሁለት ዱካ፣ ሃያ የሚሆን ሰው። ግድግዳው ላይ ለአንድ ቀን የተከራዩት የባሕር ባነር ተወጥሯል። የአራት ዓመቷ ባለልደት ባሕሩ ፊት ቆማ ፍላሹ ያስለቀሰው ዓይኗን ታሻለች። ከዚያች ቤት ወጥቶ ትንሽ በእግሩ የሄደ ሰው እኮ እውነተኛውን ሐይቅ ያገኘዋል፤ ከነውሃው፣ ከነወፉ፣ ከነገዳሙ! ሐይቅ ተቀምጦ ባሕር መከራየት ማለት ይሄ ነው።

ቤተሰቡን ልንወቅስ አይደለም። መልሳቸው ቀላልና እውነተኛ ነው፤ «ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው፣ ዕቃው ተደራርቧል፣ መሸፈኛ ያስፈልጋል» ይላሉ። ልክ ናቸው። በጠባብ ክፍል ልጅ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ የሚሰቀል ነገር ያስፈልጋል። ጠባችን ከመጋረጃው ጋር አይደለም። መጋረጃ ግን ከሁለት አንዱን ሥራ ይሠራል፤ ወይ ልጁን ያሳያል፣ ወይ ቤቱን ይደብቃል። ባነሩን የሚያከራየው ገበያ የሸጠልን ሁለተኛውን ነው። «ቤታችሁ ለፎቶ አይሆንም» ብሎ አሳመነንና መፍትሔውን በሰዓት ያከራየናል።

ደግሞ ባነሩ በሙያም ቢሆን ይወድቃል። ፕላስቲክ ያብረቀርቃል። በጠባብ ክፍል ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ ስለሌለው ፍላሹን ከቅርብ ይተኩሰዋል፤ ብርሃኑ ፕላስቲኩን መትቶ ይመለስና ከልጁ ጭንቅላት በላይ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ባነሩ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም፤ ከተጠቀለለ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ አልገባም ይላል። ሥዕሉ ለትልቅ ሰው ቁመት የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ፊቱ ሲቆም የዘንባባው ግንድ ከጆሮው ይበቅላል።

ሁለት እግር ያለው የብረት መቆሚያስ? ለሰፊ አዳራሽ ጥሩ ነው። ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ግን እግሮቹ ወለሉን ይወርሱታል፤ ልጆች ሲሯሯጡ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፣ የሚወድቀውም ልጅ ላይ ነው። ሲለቁት ተስፈንጥሮ የሚዘረጋ፣ ዙሪያውን ቀለበት ያለው ዓይነትም አለ። ቀላል ነው፣ ያስኬዳል። ግን አንድ ገመድ፣ ሁለት ምስማርና አራት የልብስ መቆንጠጫ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

እኛ የምንመርጠውን እንናገር። የማያብረቀርቅ የጥጥ ጨርቅ ወይም ካኪ። ወርዱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ከዚያም ትንሽ ተርፎ ወለሉ ላይ የሚነጠፍ። ታጥፎ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ቀለሙ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሁን። ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ይቅር፤ በጠባብ ክፍል ቀለሙ ተንጸባርቆ ጉንጭ ላይ ያርፍና ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያስመስለዋል።

ነጠላና ጋቢስ? ባህል ወዳዱ ወዳጃችን ይቆጣን ይሆናል፣ ነጭ ጨርቅ ግን ለጀርባ አንመርጥም። ስልኩ ከፊቱ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሚጠቁረውም የልጁ ፊት ነው። ይህ የልጁ መልክ ጥፋት አይደለም። ኮዳክ እንኳ ለብዙ ዓመታት ቀለም የሚመዘንበት ካርዱ ላይ ያስቀመጠው የነጭ ሴት ፊት ነበር፤ መሣሪያው ሲሠራ የታሰበው ማን እንደነበር ከዚህ ይገባችኋል። ነጠላውን ልጁ ይልበሰው፣ ያምርበታል። ግድግዳው አይልበሰው።

የጠባብ ቤት ትልቁ መብራት ደግሞ በሩ ነው። በሩን ክፈቱ፣ የልጁን ፊት ወደ በሩ አዙሩ፣ ጨርቁን ከኋላው አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ። ያን ጊዜ ጥላው ጨርቁ ላይ አይጋደምም። ፍላሹን አጥፉ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ንኩት፣ ስልኩ ብርሃኑን ለፊቱ እንዲለካ። ጀርባውን በራሱ በሚያደበዝዘው ዘዴ አትመኩ፤ የልጁን ቁንጮ ከግድግዳው ሳይለይ አብሮ ይበላዋል።

«ይሄማ የድሃ መላ ነው» የሚል ካለ ባማኮን እናስታውሰው። ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮውን ሲከፍት የመጀመሪያ መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ጨርቁን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር በኋላ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የታወቀው በጨርቁ ነው። ያ አልጋ ልብስ በፓሪስና በኒው ዮርክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታይቷል። ማንም «ለምን ባሕር አልሰቀለም?» አላለም።

የእኛ ደግሞ ይብሳል። አምባሰል እኮ ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ነው፤ ወሎን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን በዜማ ያውቃታል። ግሸን ማርያም፣ በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠችው አምባ፣ ያለችው አምባሰል ወረዳ ውስጥ ነው፤ መስከረም 21 ሲደርስ ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል። ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚሳለመው ተራራ ያለን ሰዎች ከልጃችን ጀርባ የአልፕስን በረዶ እንሰቅላለን! የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ወንጌል አለው፤ ውስጡ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለ። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሲታዩ ኖረዋል። ስዊዘርላንድ አላስፈለጋቸውም።

እስካሁን ለጨርቅ ተሟገትን። አሁን ደግሞ ራሳችንን እንሞግት፤ ባዶ ጨርቅም ንጹሕ አይደለም።

ልዑል ዓለማየሁን አስቡት። የተወሰደበት መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ደረሰ፤ እዚያም ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። ስቱዲዮዋ ድሮ የዶሮ ቤት የነበረ፣ መስታወት የለበሰ ክፍል ነው። በሙያ ከመጣን እንከን አናወጣለትም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ፊቱ ይታያል፣ ሐዘኑም ይታያል። ከጀርባው ግን ቤት የለም፣ አገር የለም። ያንን ልጅ ከየት እንዳመጡት ፎቶው አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፣ አገሩንም ዳግመኛ አላየም።

ይህ የነገሥታት ወግ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ ሲያልፍ ስንቱ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ አንዳንዱም ሳይዘጋ፣ ልጁን አዝሎ ወጣ። አልበም ይዞ የሚሸሽ የለም፤ የሚያዘው ስልክ ነው። ያኔ ከውጫሌ ሸሽታ የነበረች አንዲት እናት የልጇን የልደት ፎቶ አሳየችን። የተነሳው ጥላው በወጣችው ቤት ውስጥ ነው። ሙሉው ፎቶ ዘንባባ ነው። እሷ ግን ዘንባባውን አላየችም፤ በሁለት ጣቷ የፎቶውን ጥግ አሳደገችና «ይቺ ከባነሩ ሥር የወጣችው የቡፌያችን እግር ናት» አለችን። ከቤቷ የቀራት ምስል ያ ብቻ ነበር፤ ባነሩ በደንብ ስላልተወጠረ የተረፈ አንድ የቡፌ እግር!

ከዚያ ቀን ወዲህ «መሸፈኛ ነው እኮ፣ ምን አለበት?» የሚለውን ክርክር መስማት አቅቶናል። ለዒድ አዲስ ልብስ የለበሰው ልጅ፣ ክርስትና የተነሳችው ሕጻን፣ ሁሉም አንድ ቀን አድገው «ያደግሁት የት ነው?» ይላሉ። ያን ጊዜ የተከራየነውን ባሕር ልናሳያቸው ነው?

ስለዚህ ሕጋችን አጭር ነው። ሁለት ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ በጨርቁ፤ ያ ለፊቱ ነው፣ ዘመድ ይላክለት፣ ይታተም፣ ይሰቀል። ከዚያ ጨርቁን አውርዱና ልጁን እዚያው ቦታ አቁሙት። የተለጠፈው ጋዜጣ ይታይ፣ ቡፌው ይታይ፣ የአያት ዱካ ይታይ፣ በር ላይ ተደግፋ የምትስቀው ጎረቤትም ትግባ። ያኛው ሲያድግ ነው የሚፈለገው።

ባነሩን ለባለቤቱ መልሱለት። ባሕር የግድ ካማራችሁም በሩ ክፍት ነው፤ በእግር ይደረሳል።