መምህራን ሆይ፣ ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት በተማሪው ስልክ እዩት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓመት የኤክሴል ትምህርት ከላፕቶፔ ስክሪን ሪከርድ አድርጌ ለ11ኛ ክፍል ልጆች በቴሌግራም ለቀቅኩ። አስር ደቂቃ ቪዲዮ፣ 600 ሜጋባይት! ትልቅ ስለሆነ ጥራት ያለው መስሎኝ ኮራሁ። በማግስቱ አንዷ ተማሪዬ መጥታ "ቲቸር፣ የእናቴን ፓኬጅ ጨረስኩባት፤ ጽሑፉ ግን አይነበብም" አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ ሳየው እውነቷን ነው። ፎርሙላው ላይ ያለው ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም። በጣም አፈርኩ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። የላፕቶፔ ስክሪን 1366 በ768 ነው። እኔ ግን "ትልቅ ይሻላል" ብዬ ኦቢኤስ ላይ የሚወጣውን ቪዲዮ 1920 በ1080 አደረግኩት። የሌለ ነገር በመለጠጥ አይመጣም፤ ፊደሉ ደበዘዘ። በዚያ ላይ ቢትሬቱን 8000 ኪሎቢት አድርጌዋለሁ። ይሄ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ማለት ነው፤ እናንተው አስሉት።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ የትምህርት ቪዲዮ ጥሩ የሚባለው በኛ ላፕቶፕ ላይ ሲያምር ሳይሆን በተማሪው ስልክ ላይ ሲነበብ ነው። የማይነበብ ቪዲዮ ስንለቅ የልጁን ጊዜ ብቻ ሳይሆን የወላጁንም ገንዘብ ነው የምናባክነው።

መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። ትልቁ ሥራ ከመቅዳት በፊት ነው፤ ጽሑፉን አሳድጉት። ኤክሴልም ይሁን ዎርድ ዙሙን 150 ወይም 200 ፐርሰንት አድርጉ። ስልክ ላይ ሁሉም ነገር እንደሚያንስ አትርሱ። ከዚያ የላፕቶፑን ስክሪን ራሱን 1280 በ720 አድርጉና ኦቢኤስ ላይ ያሉትን ሁለቱንም መጠኖች፣ የሚቀዳውንም የሚወጣውንም፣ እኩል አድርጓቸው። ካልተለጠጠና ካልተጨመቀ ፊደሉ ጥርት ይላል።

በሰከንድ 60 ፍሬም ለጌም ነው። ኤክሴል እያሳየን ምን የሚሮጥ ነገር አለ? 15 ይበቃል። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀሙ፦ ኤምፒ4፣ ኤች 264፣ ጥራቱን 22 አካባቢ። እዚያ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ እንዳትሳሳቱ። ይሄ አሠራር ለእኛ የተመቸ ነው፤ ስክሪኑ ካልተንቀሳቀሰ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ስለሚመዘግብ ፋይሉ በጣም ያንሳል። ድምፁን ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት አድርጉት፤ ለአስተማሪ ድምፅ ከበቂ በላይ ነው። "ዌብ ኦፕቲማይዝድ" የምትለዋን ሳጥንም ምልክት አድርጉባት። የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ታመጣዋለች፤ ቪዲዮው ከኢንተርኔት ላይ ሲታይ ሁሉም እስኪወርድ ሳይጠበቅ ይጀምራል።

ያንኑ ትምህርት በዚህ መንገድ እንደ አዲስ ቀዳሁት። 40 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ቁጥሮቹ ይነበባሉ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ዩቲዩብ ላይ ስትጭነው እሱ ራሱ ያስተካክለዋል" ይሉኛል። ዩቲዩብ የጫንነውን እንደገና ይጨምቃል እንጂ የደበዘዘ ፊደል አያጠራም። እዚያ ለምትጭኑት እንዲያውም ጥራቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ሲጨመቅ የሚቀንሰው ነገር እንዲኖረው። "ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው ያውርዱት" የሚሉም አሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ለመሄድ ታክሲ የሚከፍል ልጅ እንዳለ ግን አንርሳ።

ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ቤት ውስጥ ባለው በርካሹ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ በዳታ ክፈቱት። እናንተ ዓይናችሁን ካጠበባችሁ ተማሪውም ያጠባል።

ያቺ ልጅ ሁለተኛውን ቪዲዮ አይታ "አሁን ገባኝ ቲቸር" አለችኝ። መጀመሪያም ሰነፍ ስለሆነች አልነበረም ያልገባት፤ ስላልታያት እንጂ።

የኔን ቪዲዮ አይታችሁ ያልተነበበላችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። አልቀየምም፣ አስተካክለዋለሁ። ቪዲዮ የሚሠራ መምህር የምታውቁም አድርሱልኝ። መልካም ምሽት።